ስንት ኪሎ ነው?

(በተመራቂዎች ማኅበር የዘንድሮ የመገናኛ ቀን ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «ሃያ ደቂቃ አለሽ፣ በምን ላይ ትናገሪያለሽ?» ሲሉኝ «በየቀኑ በምጠየቀው አንድ ጥያቄ ላይ» አልኳቸው። «ጥያቄው ምንድን ነው?» አሉኝ። «ስንት ኪሎ ነው? የሚል» አልኩ። ትንሽ ዝም አሉና «ከዚህ ሰፋ ያለ ርዕስ የለሽም እንዴ?» አሉኝ። የለኝም። እኛ መቼም ለኪሎ እንግዳ አይደለንም። አራት ኪሎ ፊዚክስና ባዮሎጂ ተምረን፣ ለወረቀት ጉዳይ ስድስት ኪሎ ተመላልሰን፣ ጥቁር አንበሳ ገብተን የወጣን ሰዎች ነን። ዛሬ የምናገረው ግን ስለ ሌላው ኪሎ ነው፤ ገና ስላልተወለደ ልጅ ኪሎ።

የምሠራው ሳሪስ አቦ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙም ሳይርቅ፣ በአንድ ክሊኒክ ውስጥ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ሆኜ ዓመታት አስቆጥሬአለሁ። በመጋቢት አቦ መንገዱ በምእመናን ይሞላና ታካሚም ሐኪምም ማለፊያ ያጣል። በሌላው ቀን ከሳሪስ ገበያ ሱቋን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ የምትመጣ አለች፣ ከፋብሪካ ፈረቃ ወጥታ በዚያው የምትገባ አለች፣ ከቃሊቲና ከአቃቂ በባቡርም በታክሲም የምትመጣ አለች። አልጋው ላይ ትወጣለች፣ ጄሉ ሲነካት «ውይ፣ ሲቀዘቅዝ!» ትላለች፣ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞርላታለሁ። መጀመሪያ ልቡን ትጠይቃለች። ቀጥሎ ወንድ ነው ሴት። ከዚያ የማይቀረው ይመጣል፦ «ዶክተር፣ ስንት ኪሎ ነው?»

ማሽኑ ደግሞ መልስ አያጣም። «3,482 ግራም» ብሎ ይጽፋል። ሁለቷ ግራም እንኳ አልቀረችም! ገበያ ስትመዝን የምትውል ሴት ይህን ስታይ ምን ታስብ? ልጄ ተመዘነ ብላ ታስባለች። ባሏም እንደዚያ ያስባል፣ አማቷም እንደዚያ ታስባለች። እውነቱን ልንገራችሁና እኔም ለብዙ ዓመታት እንደዚያው ሳስብ ኖሬአለሁ። ዛሬ የምላችሁ ነገር ይህ ነው፦ ማሽኑ አይመዝንም፣ ይገምታል። እኛ ሐኪሞች ግምቱን እንደ ሚዛን ስንናገረው ደግሞ ዋጋውን የምትከፍለው እናት ናት።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ግን እዚህ የሕፃናት ሐኪሞችም፣ የቀዶ ሕክምና ሰዎችም፣ ከሕክምናው ወጥታችሁ ቢሮ የገባችሁም ስላላችሁ ባጭሩ ላስታውስ። አራት ነገር እንለካለን፦ የጭንቅላቱን ስፋት፣ የጭንቅላቱን ዙሪያ፣ የሆዱን ዙሪያና የጭኑን አጥንት ርዝመት። እነዚህን ማሽኑ በአንድ ፎርሙላ ውስጥ ያስገባና ክብደት አድርጎ ያወጣቸዋል። በብዙ ማሽኖች ውስጥ ተጭኖ የሚመጣው ፎርሙላ ሃድሎክ የሚባል የአሜሪካ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በቴክሳስ፣ ሂዩስተን የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተመው ነው። ልብ በሉ፣ ስብ ከጡንቻ አይለይም፣ የልጁን ወርድና ቁመት አያይም። አራት ልኬት ተቀብሎ «እንዲህ ዓይነት ልኬት ያላቸው ልጆች ሲወለዱ ይህን ያህል ይመዝኑ ነበር» ነው የሚለን።

የአልትራሳውንድ አመጣጥ ራሱ ለእኛ ሰፈር ሰው ደስ ይላል። በግላስጎው ፕሮፌሰር የነበረው ኢያን ዶናልድ እ.ኤ.አ. በ1955 ከታካሚዎች የወጡ ዕጢዎችን ይዞ የሄደው ወደ ቦይለር ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካው ብረት ውስጥ ስንጥቅ መኖሩን በድምፅ ሞገድ ይፈትሽ ነበርና፣ ያ ድምፅ ሥጋንም ይለይ እንደሆነ ለማየት። ለየ። እ.ኤ.አ. በ1958 ከቶም ብራውንና ከጆን ማክቪካር ጋር ላንሴት ላይ ያወጡት ጽሑፍ ለሙያችን በር ከፈተ። አቃቂ ቃሊቲ የፋብሪካ አገር ነው፤ የብየዳን ጉድለት የሚፈትሽ ሰው ካገኛችሁ የሙያ ዘመዳችን ነው።

አሁን ወደ ስሕተቱ እንምጣ። ጥሩ ባለሙያ በጥሩ ማሽን ሲለካ ግምቱ ከትክክለኛው ክብደት በአብዛኛው ከ10 እስከ 15 በመቶ ወዲህ ወይም ወዲያ ሊል ይችላል። ይህ የተለመደው ነው፤ አንዳንዴ ከዚያም ያልፋል። 10 በመቶ በአፍ ሲነገር ትንሽ ይመስላል። 3 ኪሎ ተኩል ላለ ልጅ ግን ከ3,150 እስከ 3,850 ግራም ማለት ነው። 15 በመቶ ከሆነ ከ3 ኪሎ በታች ጀምሮ ከ4 ኪሎ በላይ ይደርሳል። ያው ልጅ ለአንዱ ሐኪም «ደህና ነው»፣ ለሌላው «ትልቅ ነው» ይሆናል። ስሕተቱ የሚብሰው ደግሞ በሁለቱ ጫፍ፣ በጣም ትንሽና በጣም ትልቅ በሆኑት ልጆች ላይ ነው። ማለትም ቁጥሩን አጥብቀን በምንፈልገው ቦታ ላይ።

ከአራቱ ልኬቶች ዋናው የሆድ ዙሪያው ነው። ልጅ ሲወፍርም ሲከሳም ቀድሞ የሚታይበት እዚያ ነው፤ ለመለካት የሚያስቸግረውም እሱ ነው። ምስሉ ክብ መሆን አለበት፣ ጨጓራው መታየት አለበት፣ የእትብቱ ደም ሥር ጉበት ውስጥ በትክክለኛው ቦታ ላይ መያዝ አለበት፣ ኩላሊት መታየት የለበትም። ፕሮቡን ትንሽ ካጋደልከው ወይም ሆዷን ከተጫንከው ክቡ ሞላላ ይሆናል። አንድ ቀን ማታ ቁጭ ብዬ በዚያው በሃድሎክ ፎርሙላ አሰላሁት። የጭንቅላት ዙሪያ 34፣ የጭን አጥንት 7.2፣ የሆድ ዙሪያ 35 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 3,460 ግራም ያህል ይመጣል። ሌላውን ሳልነካ ሆዱን 36 ሳደርገው 3,620 ሆነ። 37 ሳደርገው 3,800 ደረሰ። አንድ ሳንቲ ሜትር ማለት ከ160 እስከ 180 ግራም ነው። በመጨረሻው ወር ላይ ደግሞ የእንሽርት ውሃው ቀንሷል፣ ጭንቅላቱ ዳሌ ውስጥ ገብቷል፣ ልጁ ታጥፎ ተቀምጧል፣ ውጪ ደግሞ አሥር ሰው ወረፋ ይጠብቃል። አንድ ሳንቲ ሜትር መሳት ከባድ አይደለም።

ይህን የማሰላው ለጨዋታ አልነበረም። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ሳሪስ ገበያ ቅመም የምትሸጥ አንዲት እናት ነበረች። የመጀመሪያ ልጇን በምጥ፣ ያለ ችግር፣ 3 ኪሎ ከ300 ወልዳለች። በሁለተኛው እርግዝናዋ በ39ኛው ሳምንት መጣች። ስኳር የለባትም፣ ግፊት የለባትም። ቀኑ ሊመሽ ሲል ነው። ለካሁና ማሽኑ 4,300 አለኝ። እኔም ቃል በቃል «አራት ኪሎ ከሦስት መቶ» አልኳት። ባሏ ፈገግ ብሎ «አራት ኪሎማ ቤተ መንግሥት ነው» አለ። ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም። «ዶክተር፣ ይወጣል?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ነበር ቆም ማለት የነበረብኝ። አልቆምኩም። «ትልቅ ነው፣ አጭር ነሽ፣ ምጥ ውስጥ ገብተሽ ከምትቸገሪ ኦፕራሲዮን ይሻላል» ብዬ ወረቀት ጻፍኩ። በሳምንቱ በኦፕራሲዮን ወለደች። ልጁ ሚዛን ላይ ሲወጣ 3 ኪሎ ከ600 ሆነ። 700 ግራም ስቻለሁ፤ 20 በመቶ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ፋይሏን አውጥቼ የታተመውን ምስል ሳየው፣ ክብ መሆን የነበረበት ሆድ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኗል። ተማሪ ቢያሳየኝ «ድገመው» እለው ነበር።

ግምቱ እውነት ቢሆንስ ኖሮ? የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ በልጅ ክብደት ብቻ ቀጠሮ ተይዞ ኦፕራሲዮን ሊታሰብ ይችላል የሚለው፣ ስኳር ለሌለባት እናት ከ5,000 ግራም፣ ስኳር ላለባት ከ4,500 ግራም ጀምሮ ነው። የእኔ ቁጥር እውነት ሆኖ ቢገኝ እንኳ ከሁለቱም በታች ነበር። ያውም በምጥ ወልዳ ለምታውቅ ሴት።

በጊዜው እናትም ልጅም ደህና ስለነበሩ ማንም ምንም አላለኝም። እንዲያውም አመስግነውኝ ሄዱ። «ትልቅ ልጅ በሰላም አወጡልን» ብለው። ስሕተታችን ብዙ ጊዜ ምስጋና ይዞ ስለሚመጣ አናውቀውም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያቺ እናት ተመልሳ መጣች። ልጁ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሶ አጠገቧ ቆሟል። «ዶክተር፣ ያኔ አራት ኪሎ ከሦስት መቶ ያሉኝ ልጅ ይኸው ትምህርት ቤት ገባ» አለችኝ። ከዚያ ስለ ሦስተኛው ነገረችኝ። እናቷ ታመው ልትጠይቅ አገር ቤት ሄዳ ሳለ ምጡ ከቀኑ ቀድሞ ያዛት። በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ኦፕራሲዮን አይሠራም። አምቡላንስ እስኪመጣና ሆስፒታል እስኪደርሱ የማህፀኗ ጠባሳ ተተረተረ። እሷ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም። ማህፀኗም ወጣ።

አልወቀሰችኝም። የመጣችው ለደም ማነስ መድኃኒት ነበር። እኔ ግን ያ ጠባሳ በማን ወረቀት እንደመጣ አውቃለሁ። ነገርኳት። «የኔ እህት፣ ያኔ የነገርኩሽ ቁጥር ስሕተት ነበር፤ ያ ኦፕራሲዮን ላያስፈልግሽ ይችል ነበር» አልኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለችና «ታዲያ ያኔ ግምት ነው ቢሉኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ ለሃያ ደቂቃ ንግግር ማሰሪያ እንዲሆን አይደለም ያመጣሁት። መልስ ስለሌለኝ ነው።

ባልደረቦቼ፣ አትሳሳቱብኝ። ትልቅ ልጅን መፍራት ከንቱ ፍርሃት ነው እያልኩ አይደለም። በዚህች አገር የተሠራ ሐኪም ሁሉ ተዘግቶ የቀረ ምጥ የሚያደርሰውን አይቷል። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሲመጡ ያገኟቸው እናቶች፣ በኋላም የፊስቱላ ሆስፒታልን ያቋቋሙላቸው እናቶች፣ ማንም በጊዜ ያልደረሰላቸው ናቸው። ኦፕራሲዮን በጊዜው ሲሠራ ሁለት ሕይወት ያድናል። ግን ምጥን የሚዘጋው የልጁ ኪሎ ብቻ አይደለም። የዳሌው ስፋት አለ፣ የጭንቅላቱ አቀማመጥ አለ፣ የምጡ ጉልበት አለ። ይህን የሚያሳየን ምጡ ራሱ ነው፤ በፓርቶግራፍ እየተከታተልን፣ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ቅርብ ሆኖ። ሳሪስ ላለች እናት ይህ ይቻላል፤ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም ሌሎችም አሉ። ጠባሳው ግን ከእሷ ጋር የትም ይሄዳል፤ ሆስፒታል ወደሌለበትም።

ልጁ ትንሽ ነው ስንል የምንሠራው ስሕተት ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ክብደት ብቻውን ትርጉም የለውም፣ ከዕድሜ ጋር ካልታየ። እኛ አገር ደግሞ ዕድሜው ላይ የራሳችን የሆነ ወጥመድ አለ፤ የዘመን አቆጣጠራችን።

አንዲት ወጣት ነፍሰ ጡር ከሌላ ቦታ ወረቀት ይዛ መጣች። «ልጁ ለዕድሜው ቀጭጯል፣ ምጥ በመድኃኒት ይጀመር» የሚል። እኔም ለካሁ፤ እውነትም ማሽኑ ላይ በገባው ቀን ሲታይ አንሷል። ስልክ አንሥቼ ሆስፒታል ልደውል ስል፣ አብራኝ የምትሠራው አንጋፋ አዋላጅ ሲስተር ጠጋ ብላ «ልጄ፣ የመጨረሻው የወር አበባሽ መቼ ነበር?» አለቻት። «በጥቅምት አቦ፣ ለንግሥ ስዘጋጅ» አለች። ጥቅምት 5 ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ደግሞ ኦክቶበር 5 ነው። ጥቅምት 5 በፈረንጆቹ ኦክቶበር 15 ነው! የሆነ ሰው «ጥቅምት»ን ወደ «ኦክቶበር» ተርጉሞ ቀኑን እንዳለ ትቶታል። ልጁ በአንድ የብዕር ጭረት አሥር ቀን አርጅቷል። በዚያ ዕድሜ ልጅ በሳምንት 200 ግራም ያህል ይጨምራል፤ አሥር ቀን ማለት 300 ግራም ሊጠጋ ነው። ቀኑን አስተካክለን ስናየው ልጁ ደህና ነው። ምንም አልሠራንም፣ ቀጠሮ ሰጥተን ላክናት። ጊዜዋ ሲደርስ በራሷ ምጥ ወለደች።

ስለዚህ ማሽኑን ከመክፈታችሁ በፊት «በየትኛው አቆጣጠር?» በሉ። እናቶቻችን ቀን የሚያስታውሱት በቁጥር አይደለም፤ በመስቀል ማግስት፣ በጾሙ መያዣ፣ በአረፋ ዋዜማ ነው። ለዚህም ነው የመጀመሪያው አልትራሳውንድ ከ24ኛው ሳምንት በፊት ይሁን የሚለውን የዓለም ጤና ድርጅት የ2016 ምክር አጥብቄ የምይዘው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የተለካ ልጅ ዕድሜውን ራሱ ይናገራል። በ38ኛው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለካ ልጅ ግን ትንሽ ይሁን ወይስ ገና ይሁን፣ በአንድ ልኬት ማንም ሊያውቅ አይችልም። ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ቢቻል ሦስት ቆይቶ ደግሞ መለካት ያስፈልጋል። በእውነት የቀጨጨው ልጅ የሚያዘው እንዲህ ነው፤ ከአንዱ ቁጥር ይልቅ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ባለው ዕድገት። አልትራሳውንዱ ሕይወት የሚያድነው እዚህ ላይ ስለሆነ ማሽኑን ጥሉት የምል እንዳይመስላችሁ።

ሌላም ነገር አለ። ልጁን የምናስተያየው ከየትኛው ሰንጠረዥ ጋር ነው? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው የጽንስ ዕድገት ሰንጠረዥ በ10 አገሮች ተለክቶ ነው የተሠራው። ከአፍሪካ ግብፅና ዴሞክራቲክ ኮንጎ አሉበት። ከዚያ በፊት በ2014 የወጣው ኢንተርግሮውዝ ደግሞ ናይሮቢን ይዟል። ኢትዮጵያ በሁለቱም ውስጥ የለችም። ሰንጠረዦቹ አይጠቅሙም ማለቴ አይደለም፤ እኔም እጠቀምባቸዋለሁ። ግን የእኛ ልጆች ክብደት መጀመሪያ በእኛ መጻፍ አለበት። በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የተወለዱት ልጆች 26 በመቶ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 48 በመቶ ከፍ አለ። የቀሩት ብዙዎቹ ሚዛን ሳያዩ ነው ያደጉት። ተቋም ውስጥ የተወለዱትንም እንኳ ከግምታችን ጋር አናስተያያቸውም። እናቲቱ እኔ ጋ ትለካለች፣ ሌላ ቦታ ትወልዳለች፣ ሁለቱ ወረቀቶች በሕይወት ዘመናቸው አይገናኙም።

ያቺ የገበያዋ እናት ከሄደች በኋላ አንድ ደብተር ገዛሁ። ባለ መቶ ቅጠል፣ ተራ ደብተር። በግራ በኩል ግምቴን እጽፋለሁ፣ በቀኝ በኩል ባዶ ቦታ እተዋለሁ። እናቶቹን «ስትወልጂ ኪሎውን ደውለሽ ንገሪኝ» እላለሁ። ይደውላሉ! አንዳንዷ ገንፎው ሳይበርድ ትደውላለች። አንዳንዷ «ዶክተር፣ ተሸንፈዋል!» ትለኛለች። ደብተሩ ስለ ራሴ ብዙ አስተምሮኛል። ከሰዓት በኋላ የለካኋቸው ከጠዋቶቹ ይልቅ ይስታሉ። ወፍራም እናቶች ላይ እሳታለሁ። ልጁ ትልቅ ነው ብዬ አስቀድሜ ካሰብኩ እጄ ሆዱን ማስፋት ይወዳል። ይህን የትኛውም መጽሐፍ ስለ እኔ ሊነግረኝ አይችልም ነበር።

ደብተሩን ስጀምር ትዝ ያለኝ ጋንዲ ሆስፒታል ኢንተርን የነበርንበት ጊዜ ነው። ከመምህሮቻችን አንዱ፣ ዛሬም ከመካከላችን ስላሉ ስማቸውን ብጠራ ይቆጡኛል፣ አልትራሳውንድ ከመጠየቃችን በፊት እጃችንን ሆድ ላይ አስደርገው «ስንት ነው?» ይሉን ነበር። የማህፀኑን ከፍታ በሜትር እንለካለን፣ በሊዮፖልድ አራት አያያዝ ጀርባውን፣ ጭንቅላቱን እንፈልጋለን፣ ግምታችንን ጋውናችን ኪስ ውስጥ ባለች ብጣሽ ወረቀት ላይ እንጽፋለን። ልጁ ሲመዘን ብጣሿ ትወጣለች። የተሸነፈ ሻይ ይጋብዛል። እኔ ስንት ሻይ እንደጋበዝኩ እዚህ የተቀመጡ ምስክሮች አሉ። ሳናውቀው ሁለት ነገር አስተማሩን፦ እጅ እንደሚያውቅና እጅም እንደሚሳሳት። ጥናቶችም ይህንኑ ይላሉ፤ በወሩ መጨረሻ ላይ የሠለጠነ እጅ ከማሽኑ ብዙም አይርቅም። ወልዳ የምታውቅ እናት «ከፊተኛው ይበልጣል» ወይም «ያንሳል» ስትል ግምቷ የሚናቅ አይደለም። ያቺን እናት «አንቺስ ምን ይመስልሻል?» ብዬ አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት ምን ትለኝ እንደነበር አላውቅም፤ ግን አለመጠየቄን አውቃለሁ።

እንግዲህ ለመጨረስ፣ ከዚህ ስንለያይ ይዘናቸው እንድንሄድ የምለምናችሁ ሦስት ነገር አለ።

አንደኛ፣ ቁጥሩን ብቻውን አንናገር። «3,400 ግራም» ከማለት «ከሦስት ኪሎ እስከ ሦስት ኪሎ ከሰባት መቶ ሊሆን ይችላል» እንበል። ወረቀቱም ላይ እንደዚያው እንጻፍ፤ ወረቀቱን ተቀብሎ የሚወስነው ሌላ ሐኪም ነውና።

ሁለተኛ፣ በአንድ ልኬት ብቻ ኦፕራሲዮን አንጻፍ። ቁጥሩ ሲያስደነግጠን ምስሉን ደግመን እንያዝ፣ ቀኑን ደግመን እንጠይቅ፣ ስኳሯን እንይ፣ የፊተኛ ወሊዷን እንጠይቅ፣ እጃችንን እናሳርፍ። ከተቻለ ሌላ ሰው ቁጥራችንን ሳያይ ይለካ።

ሦስተኛው በተለይ ለመምህራን ነው። እባካችሁ፣ ያንን የብጣሽ ወረቀት ነገር መልሱት። የዛሬ ተማሪዎች ከእኛ የተሻለ ማሽን አላቸው፤ ብዙዎቹ ግን የገመቱት ልጅ ስንት ሆኖ እንደተወለደ ሳያዩ ይመረቃሉ። እያንዳንዱ ተማሪ መጀመሪያ በእጁ፣ ቀጥሎ በማሽኑ፣ በመጨረሻ በሚዛኑ ያግኘውና ሦስቱን ጎን ለጎን ይጻፍ። ገንዘብ አይጠይቅም። ደብተር ነው የሚፈልገው። ማኅበራችን ለየዓመቱ ኢንተርኖች ደብተሩን እገዛለሁ ቢል፣ የመጀመሪያውን ዓመት እኔ እከፍላለሁ። ይህን ስል ባለቤቴ እዚህ ስለሌለ ነው።

ባለፈው ሰሞን አንዲት እናት አልጋው ላይ ሆና ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ከሦስት ኪሎ እስከ ሦስት ኪሎ ከሰባት መቶ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ዶክተር፣ ሰባት መቶ ግራም እኮ ብዙ ነው። እኔ በርበሬ ላይ እንደዚህ ብል ደንበኛዬ ይሰድበኛል» አለችኝ። «እውነትሽን ነው፣ ግን አንቺ ሚዛን አለሽ፤ እኔ ሚዛን የለኝም፣ ግምት ነው ያለኝ» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «እሺ፣ ግምት ከሆነ እኔም ልገምት፤ ሦስት ከሁለት መቶ ነው» አለች። ደብተሩን አውጥቼ የእሷንም ከእኔ አጠገብ ጻፍኩት። እስካሁን አልወለደችም፤ የቀኙ ቦታ ባዶ ነው። ስልኬ ቢጮህና አቋርጬ ብወጣ ይቅርታ አድርጉልኝ።